ከስቴም ሴል የበቀለ የደም ሥር ገበር፦ ለአፍሪካ ቀንድ ሕሙማንና እንስሳት ምን ይዟል?

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 2025 መጀመሪያ ላይ አንድ የጥናት ውጤት ይፋ አድርገዋል። ተመራማሪዎቹ ሪሰስ ከሚባሉት የእስያ ጦጣዎች ስቴም ሴል ተነሥተው በቤተ ሙከራ የደም ሥር ሕዋሳትን አበቀሉ። ሕዋሳቱን ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዘሩ፤ ቧንቧውንም በሌሎች ጦጣዎች የደም ሥር መሐል ተከሉት። ከስድስት ወራት በኋላ፣ ተፈጥሯቸው ሳይነካ የተዘሩ ሕዋሳትን የያዙት ቧንቧዎች አንድም ሳይደፈን ሁሉም ደም ያስተላልፉ ነበር። ምንም ያልተዘራበት ባዶ ፕላስቲክ ግን እንዲህ አልጸናም።

ዜናው በምሥራቅ አፍሪካ ብዙም አልተሰማም። ይህ አያስገርምም። ሱዳን በጦርነት ውስጥ እያለች፣ የኑሮ ውድነቱ ከተሞችን ሁሉ አስጨንቆ ባለበት ሰዓት ስለ ጦጣ የደም ሥር ማን ያወራል? ሆኖም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የድምፅ ማጉያ ተገጥሞላቸው፣ የታማሚ ፎቶግራፍ ተለጥፎባቸው ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ የሚለምኑትን መኪኖች ያየ ሰው ጉዳዩ የሩቅ አለመሆኑን ለመረዳት አይቸገርም።

የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር ይገናኛል። ማሽኑ ብዙ ደም በፍጥነት ስለሚስብ ተራ የደም ሥር አይበቃውም። ስለዚህ ሐኪሞች በታማሚው ክንድ ውስጥ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በቀዶ ጥገና ያጋጥሙታል። የተጋጠመው ሥር ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ እጅ ሲያሳርፉበት እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። ታማሚዎች በየቀኑ ይዳስሱታል፤ ንዝረቱ ከጠፋ አደጋ መሆኑን ያውቃሉና። ያ ሥር ሲደፈን ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ የሚፈለግበት ቦታ ሲያልቅ ፕላስቲክ ይገባል፤ ፕላስቲኩም በተራው ይደፈናል ወይም ይመረቅዛል። ማሽኑ እያለ፣ ገንዘቡም ተገኝቶ፣ የደም ሥር አልቆበት የሚቸገር ሰው አለ ማለት ነው።

የማዲሰኑ ውጤት የሚመለከተው ይህንን ችግር ነው። እኔ ግን ወደ እኛ አካባቢ ፈጥኖ የሚደርሰው ጥቅም ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን በረትና በጋጣ በኩል ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አለኝ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ፕላስቲክ የማይተካው ገበር

የደም ሥር የውኃ ቧንቧ አይደለም። እንደ ጥሩ ኮት ከውስጥ ገበር አለው። ገበሩ በአንድ ረድፍ የተነጠፉ ስስ ሕዋሳት ሲሆን፣ ከልብ ጓዳ እስከ ጣት ጫፍ ደም የሚነካውን ግድግዳ ሁሉ ይሸፍናል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ንጣፍ ሥራ የሌለው ሽፋን ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አመለካከቱን ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ቤተ ሙከራቸው ከጥንቸል የተወሰደ ደም ቅዳ ሲፈተሽ አንዳንዱ ቁራጭ ይላላል፣ ሌላው ደግሞ ይኮማተራል፤ ምክንያቱ አይታወቅም። በኋላ ነገሩ ሲጣራ የልዩነቱ መነሻ አዘገጃጀቱ ሆኖ ተገኘ፦ ሳይታወቅ ገበሩ የተፋቀበት ቁራጭ ሊላላ አይችልም። ገበሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ እንደሚያላላ፣ ደም በግድግዳው ላይ እንዳይረጋም እንደሚከላከል ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ፈርችጎት ለዚህ ሥራቸው ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ፕላስቲክ ይህ ሁሉ የለውም። ሰፊ በሆኑት የደም ሥሮች ውስጥ ደሙ በኃይል ስለሚፈስ ፕላስቲክ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ስፋቱ ከስድስት ሚሊ ሜትር ሲያንስ ግን ደም እየረጋበት ይደፈናል። የልብን ደም ሥር የሚተኩ ሐኪሞች ከታማሚው እግር ወይም ደረት የራሱን ሥር ቆርጠው የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው። ያም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም፤ በስኳር በሽታ የተጎዳ፣ ቀድሞ የተወሰደ ወይም በጥይት የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ገበሩን ከሰውነት ውጪ ማብቀል ይቻላል?

ሕዋስን ሥራ ማስያዝ

ስቴም ሴል፣ ወይም አንዳንዶች በአማርኛ እንደሚሉት ግንደ ሕዋስ፣ ገና ሥራ ያልያዘ ሕዋስ ነው። ከእርሱ ልብም፣ ቆዳም፣ ነርቭም ሊወጣ ይችላል። ሳይንቲስቶች ይህን ሕዋስ ከአይጥ ጽንስ አውጥተው በቤተ ሙከራ ማራባት የቻሉት በ1981 ነበር። በ1995 ከሪሰስ ጦጣ፣ በ1998 ደግሞ ከሰው ጽንስ ለማግኘት የበቁት ጄምስ ቶምሰን ናቸው፤ ያኔም የሚሠሩት በዚያው በማዲሰን ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ የወጣው የጦጣዎቹ ጥናትም የእርሳቸው ቡድን ውጤት ነው። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖችን ብቻ በመጠቀም የአይጥ ቆዳ ሕዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ደግሞ ጽንስ መንካት የግድ መሆኑ ቀርቷል።

ስቴም ሴሉ ወደ ደም ሥር ገበር የሚለወጠው ምልክት በመስጠት ነው። ጽንስ በማሕፀን ሲያድግ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው በፕሮቲን መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ተመራማሪዎቹም እነዚያኑ ፕሮቲኖች በቅደም ተከተል በሣህኑ ውስጥ ይጨምራሉ። የጊዜውም የመጠኑም ነገር እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ ወይም ከበዛ የሚወጣው ሌላ ነገር ይሆናል።

በዚህ ረገድ መሠረቱን ከጣሉት ሥራዎች አንዱ በ2000 ከጃፓን ኪዮቶ የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከአይጥ ስቴም ሴል አንድ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሕዋስ ለይተው አወጡ። ለዚህ ሕዋስ የደም ሥርን እድገት የሚያነሣሣ ፕሮቲን ሲሰጡት ገበር ሆነ። ሌላ ፕሮቲን ሲሰጡት ደግሞ ገበሩን ከውጭ የሚደግፈውን የጡንቻ ሕዋስ ሆነ። ሁለቱ በአንድነት ሲቀመጡ ራሳቸው ተገናኝተው ቱቦ መሥራት ጀመሩ። በዶሮ ጽንስ ውስጥ ሲገቡም የደም ሥሮቹ አካል ሆኑ። ከአንድ እናት ሕዋስ የቧንቧው ገበርም ግድግዳም ሊወጣ እንደሚችል መታየቱ ለዘርፉ ትልቅ እመርታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ በአመዛኙ አድካሚና ድምፅ የሌለው ነው። የደም ቅዳና የደም መልስ ገበር አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከፍተኛ ግፊት መቋቋም አለበት። የማዲሰኑ ቡድን የደም ቅዳ ጠባይ ያላቸውን ሕዋሳት ብቻ ለይቶ የማብቀል ዘዴውን በሰው ስቴም ሴል ላይ ያሳየው በ2017 ነበር። ወደ ጦጣዎቹ ሙከራ ለመድረስ ሌላ ስምንት ዓመት ፈጅቷል።

መታወቂያው የተነጠቀው ሕዋስ

በ2025ቱ ጥናት ውስጥ ለእኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሳበው የቧንቧዎቹ አለመደፈን አይደለም። ያልተጠበቀው ነገር ሌላ ነው።

በሰውነታችን ያለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ማንነቱን የሚናገር ምልክት በላዩ ላይ ይዞ ይዞራል፤ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ልንቆጥረው እንችላለን። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ዘበኞች ይህን እያዩ የቤቱን ልጅ ከባዕድ ይለያሉ። ከሌላ ሰው የተሰጠ ኩላሊት የሚጠቃው፣ ተቀባዩም ዕድሜ ልኩን የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስደው በዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት ሲከተሉ ቆይተዋል፦ የስቴም ሴሉን ጂን ቆርጦ መታወቂያውን ማጥፋት። ዘበኛው የሚያየው ምልክት ከሌለ አያጠቃም የሚል ሐሳብ ነው። የማዲሰኑ ቡድንም ሁለት ዓይነት ቧንቧ አዘጋጀ፤ በአንደኛው ላይ መታወቂያቸው የተነጠቀ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ምንም ያልተነካ፣ የባዕድ ጦጣ መታወቂያቸውን በግልጽ የያዙ ሕዋሳትን ዘራ።

ለስድስት ወራት ክፍት ሆነው የቆዩት ያልተነኩት ናቸው። መታወቂያቸው የተነጠቀው የተዘሩባቸው ቧንቧዎች ያነሰ ውጤት አሳዩ። አንዱ ሊሆን የሚችል ማብራሪያ በሰውነት ውስጥ መታወቂያ የሌለውን ሕዋስ ራሱን እየፈለጉ የሚገድሉ ሌሎች ዘበኞች መኖራቸው ነው። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ባልተነኩት ቧንቧዎች ላይ የተዘሩት ሕዋሳት ከጊዜ በኋላ በተቀባዩ ጦጣ በራሱ ሕዋሳት መተካታቸው ነው። እንግዶቹ ቤቱን ጠብቀው ባለቤቱ ሲደርስ አስረክበው የሄዱ ይመስላል።

ይህ የቤተ ሙከራ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ገንዘብ ለሌለው አገር ግን ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ ከራሱ ቆዳ ስቴም ሴል አዘጋጅቶ የደም ሥር ማብቀል ወራት የሚወስድ፣ እጅግ ውድ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕክምና ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ርቆ ይኖራል። አንድ ዓይነት ሕዋስ ለሁሉም የሚሆን ከሆነ፣ ጂኑን መቁረጥም ካላስፈለገ ግን፣ ቧንቧው በጅምላ ተመርቶ እንደ ማንኛውም የሕክምና ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስድስት ወር አጭር ጊዜ ነው፤ ጦጣም ሰው አይደለም። በስኳር በሽታ የተጎዳ የ60 ዓመት ሰው ገበር እንደ ጤነኛ ጦጣ ገበር ፈጥኖ መጥቶ ቤቱን ይረከባል ብሎ ማሰብም አይቻልም።

ከዩክሬን እስከ ካርቱም

በቤተ ሙከራ የተሠራ የደም ሥር ወደ ሕክምና የገባበት አንድ ምሳሌ አለ፤ ከስቴም ሴል የተሠራ ግን አይደለም። አሜሪካዊቷ ሎራ ኒክላሰን በ1999 ከአሳማ የደም ሥር ሕዋሳት ተነሥተው፣ እንደ ልብ ምት በሚገፋ ፈሳሽ ውስጥ እያሳደጉ የደም ቅዳ ሥር መሥራታቸውን አሳዩ። የዚያ ሐሳብ ልጅ የሆነው «ሲምቬስ» የተባለው ቧንቧ ከሟች ለጋሾች ከተወሰደ የሰው ሕዋስ ይበቅላል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ ታጥበው ይወጡና ያመረቱት ግድግዳ ብቻ ይቀራል። የዩክሬን ሐኪሞች በጦርነት የቆሰሉ ሰዎችን ለማከም ተጠቅመውበታል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ እጅና እግራቸው ላይ የደም ቅዳ ጉዳት ለደረሰባቸውና የራሳቸውን ሥር መጠቀም ለማይቻልላቸው አዋቂዎች ፈቅዶታል፤ ቧንቧው ሊፈነዳ ወይም ሊከሽፍ እንደሚችል ከሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጋር።

በትግራይ፣ በአማራ፣ በሱዳን፣ በሶማሊያ የቆሰሉትን ያሰበ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። የእግር ዋና ደም ቅዳ የተበጠሰበት ሰው እግሩ እንዲተርፍ ደሙ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መመለስ አለበት። በእኛ አካባቢ ግን ብዙ እግር የሚቆረጠው ቧንቧ ስለጠፋ ሳይሆን መንገዱ ስለሚረዝምና የደም ሥር ቀዶ ጥገና ሐኪም ስለማይገኝ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሣጥን ቧንቧ በነፃ ቢላክ እንኳ አብዛኛዎቹ የክልል ሆስፒታሎች የሚሰፋው እጅ የላቸውም። የደም ሥር ሐኪሞችን ማሠልጠን የስቴም ሴል ምርምር አይጠይቅም፤ እንዲያውም ያለ ሠልጣኝ ሐኪም ምርምሩ ለእኛ ትርጉም አይኖረውም።

ሌላም የገበር ጉዳይ አለ። በአፍሪካ ቀንድ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በራቸው የተበላሸ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንድ የጣሊያን የዕርዳታ ድርጅት በ2007 በካርቱም የከፈተው የሳላም የልብ ሕክምና ማዕከል ከጎረቤት አገሮች የሚመጡትን ጭምር በነፃ ቀዶ ሕክምና ሲያክም ነበር፤ በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ሥራውን አውኮታል። የብረት የልብ በር የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ መውሰድና ደሙን በየጊዜው መመርመር አለበት። ምክንያቱ አሁንም ያው ነው፤ በሩ ገበር ስለሌለው ደም ይረጋበታል። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ ምርመራው ሲቀር በሩ ራሱ ገዳይ ይሆናል። ገበር የለበሰ የልብ በር ገና ሐሳብ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን በጦጣ ላይ ከጠባብ ቧንቧ የጀመሩት ነገር መጨረሻው የት ሊያደርስ እንደሚችል ያመለክታል።

የዚህ ሁሉ ፍጥነት በዋሽንግተን በጀት ላይም የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ያለው መሠረታዊ ምርምር በአብዛኛው የሚቆመው በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ የትራምፕ አስተዳደር ደግሞ ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ በ40 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ጠይቆ ነበር። በሌላ በኩል የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በሚያዝያ 2025 በመድኃኒት ፍተሻ የእንስሳትን ሚና ቀስ በቀስ ለመቀነስ ማቀዱን አስታውቋል። እንስሳቱን ይተካሉ ከሚባሉት መሣሪያዎች አንዱ ከስቴም ሴል የሚበቅል የደም ሥር ሕዋስ ነው፤ እርሱ ራሱ የሚፈተነው ግን ዛሬም በጦጣ ላይ ነው።

የጋሪው ፈረስና የመዥገሩ በሽታ

አሁን ወደ በረቱ። በምሥራቅ አፍሪካ ከብትንና ፈረስን ከሚፈጁት በሽታዎች በርከት ያሉት የሚያጠቁት ይህንኑ የደም ሥር ገበር ነው። አርብቶ አደሩ ይህን በስሙ ባይጠራውም ምልክቱን ያውቃል።

በትንንሽ ከተሞቻችን ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ እንውሰድ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው ከዓይን የምትሰወር ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት። ቫይረሱ በሳንባና በሌሎች አካላት የደም ሥሮች ገበር ውስጥ ይራባል፤ ገበሩ ሲላላ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይፈስሳል፤ ፈረሱም አረፋ በአፍንጫው እየወጣ በራሱ ፈሳሽ ታፍኖ ይሞታል። በከፋው የበሽታው ዓይነት ከተያዙት ፈረሶች የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። አህያ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ያልፈዋል። ጋሪ ነጂ ግን ፈረሱ ሲሞት የቤተሰቡን ገቢ በአንድ ሌሊት ያጣል።

ሁለተኛው ከመዥገር የሚመጣ ነው። መዥገሩ ይዞት የሚዞረው ባክቴሪያ በከብት፣ በበግና በፍየል የደም ሥር ገበር ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ሥሮቹ ፈሳሽ ያፈስሳሉ፤ በልብ ዙሪያ ውኃ ይቋጠራል። የእንግሊዝኛ ስሙም «የልብ ውኃ» እንደማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በሽታውን የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው፤ የራስ ቅሉን ከፍቶ ከአንጎሉ ቅንጣት ወስዶ በመስታወት ላይ ይጨፈልቅና በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ገበር ውስጥ ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ለረጅም ዓመታት በደቡብ አፍሪካ ያገለገለው ክትባት ደግሞ የታመመ በግ ደም ነው። ደሙ በበረዶ ተጠብቆ ይመጣና በደም ሥር ይሰጣል፤ እንስሳው ትኩሳት ሲይዘው በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ ይህ እንዴት እንደሚሠራ አንባቢ ይገምት።

ይህን ባክቴሪያ ከእንስሳ ውጪ ማራባት የተቻለው በ1985 ነበር፤ ደቡብ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የተጠቀሙትም የጥጃ የደም ሥር ገበር ሕዋስ ነው። ከእንስሳ በቀጥታ የሚወሰድ የገበር ሕዋስ ግን ይደክማል። ጥቂት ጊዜ ከተከፋፈለ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል፤ እንደገና ሌላ እንስሳ ይፈለጋል፤ ከአንዱ ጥጃ የተገኘው ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

ስቴም ሴል የሚለየው በዚህ ነው፤ አያልቅም። ከአንድ ከብት የተዘጋጀ መስመር ለዓመታት ያንኑ ዓይነት ገበር ሊሰጥ ይችላል። ይህ አንድ የቆየ ጥያቄን በአዲስ መንገድ ለመጠየቅ ያስችላል፦ በመዥገር አገር ለትውልዶች የኖሩ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ከውጭ ከገባው የወተት ላም በተሻለ በሽታውን የሚቋቋሙት ለምንድን ነው? ልዩነቱ በመከላከያ ሥርዓታቸው ነው ወይስ ገበሩ ራሱ ባክቴሪያውን አያስገባም? የሁለቱን ላሞች ገበር ጎን ለጎን በሁለት ሣህን አስቀምጦ ማየት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል፤ አንድም ላም ሳይሞት።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም። ለአይጥ የሠራው አዘገጃጀት ለላም አልሠራም፤ ከአይጡ የ1981 ስኬት በኋላ የተረጋጋ የላም ጽንስ ስቴም ሴል ከካሊፎርኒያ እስኪሰማ ድረስ 37 ዓመት አልፏል፤ ያም በ2018 ነው። የፈረስ ሕዋስ በያማናካ ዘዴ ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሰው በ2011 ነበር። ይሁንና አካባቢያችን ለእንዲህ ያለው ሥራ እንግዳ አይደለም። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም በ2012 «ቱማይኒ» የተባለውን የቦረና ዝርያ ወይፈን ከአንድ ሕዋስ ቅጂ አስወልዷል፤ ስሙ በስዋሂሊ ተስፋ ማለት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የፈረሱን በሽታ ጨምሮ ክትባቶችን በሕዋስ እያራባ ያመርታል። በዚያችው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈተሽበት ማዕከል አለ። ሕዋስ ሳይበከል ማሳደግ የሚያውቁ እጆች አሉ ማለት ነው፤ የደም ሥር ሐኪም እጥረት ካለበት ሆስፒታል ጋር ሲነጻጸር ይህ በር ገርበብ ብሏል።

የቦረና ላም ሕዋስ የማን ነው?

አለማለቁ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። በሬ ተሸጦ ቢሄድ አንድ በሬ ነው፤ ይሞታል። ስቴም ሴል ግን በጣት በምታክል ብልቃጥ ወጥቶ ለዘለዓለም ሊራባ ይችላል። የቦረና ከብት መነሻው የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ሜዳ ቢሆንም የዝርያው ጽንሶች በበረዶ ደርቀው እስከ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ተጉዘዋል፤ ዛሬ በእነዚያ አገሮች የቦረና አርቢዎች አሉ።

ኢትዮጵያ በጤፍ ጉዳይ ያየችው ነገር ትምህርት ሊሆን ይገባል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈርሞ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የወጣው የባለቤትነት መብት ግን ቀጠለ፤ በሔግ ያለ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከአገር የሚወጣ ሀብት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። አዋጁ ሲወጣ በሕግ አውጪዎቹ ዐይን የነበረው ግን ዘርና ተክል ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከቆዳ ቅንጣት ተነሥቶ ማለቂያ የሌለው የደም ሥር ገበር የሚሰጥ ሕዋስ በአዋሳኝ ድንበር ላይ የሚፈተሽ ዕቃ አይደለም። ከዚህም በላይ ቦረና ድንበር አያውቅም። ከብቱ በሁለቱም አገር ይሰማራል፤ አንዱ አገር የከለከለውን ናሙና ሌላው ሊፈቅድ ይችላል። ኢጋድ የከብት እንቅስቃሴንና ንግድን በሚመለከት ለዓመታት ሲነጋገር ኖሯል፤ ይህ ጉዳይ ገና ከጠረጴዛው የደረሰ አይመስልም።

ለማከማቻው እንኳ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። ስቴም ሴል የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ ዘር ለማቆየት የሚጠቀመው በዚያው ፈሳሽ ነው፤ አዳቃዮቹም በየገጠሩ የሚዞሩት በዚያው ዓይነት ማሰሮ ይዘው ነው። ናይትሮጅኑ ሳያልቅ መሞላቱ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እርሱን ያጡ ወረዳዎች ስንት ዘር እንደተበላሸባቸው አዳቃዮቹን መጠየቅ ይበቃል።